የነጭ ዝንብ ጠላቶች፤ ከመስታወት ቤት እርሻ ታሪክ

ከለንደን ከተማ በስተ ሰሜን፣ የሊ ወንዝ ወደ ቴምዝ በሚወርድበት ሸለቆ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የመስታወት ጣራ እንደ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር የሚያበራበት አንድ የእርሻ አገር ነበር። በዚያ ይኖሩ የነበሩት አትክልተኞች፣ የአገራቸው ፀሐይ ደካማ፣ ብርዱም የበረታና የሚቈይ ስለ ሆነ፣ ቲማቲምንና ኪያርን በሜዳ ላይ ከመዝራት ይልቅ በመስታወት ቤት ውስጥ ተክለው፣ በድንጋይ ከሰል እሳት በሚሞቅ የውሃ ቧንቧ እያሞቁ ማሳደግን ሙያቸው አድርገው ይዘውት ነበር፤ ከደጁ ውርጩ ገና ሳይለቅ ከውስጡ ተክሉ ያብብ ነበርና፣ ምርታቸው ከሜዳው ገበሬ ቀድሞ ለለንደን ገበያ ይደርስላቸው፣ ዋጋውም ድካማቸውንና የከሰሉን ወጪ ይክሳቸው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው ታሪክ መነሻው ይህ ሸለቆ ነው፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን አስቀድመን እንናገራለን።

መስታወቱ ብርድን ከለከለ እንጂ ተባይን አልከለከለም። እንዲያውም ነገሩን በጥሞና ላስተዋለው ሰው፣ የመስታወት ቤት ለተባይ ከሜዳው ይልቅ የተመቸ ማደሪያ ነው፤ በሜዳ ላይ ያለውን ተባይ ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ውርጭ ይገድለዋል፣ አዕዋፍና ሌሎች ነፍሳትም ይለቅሙታል፤ ወደ መስታወት ቤት የገባው ግን ከዚህ ሁሉ መከራ ተሰውሮ፣ ሙቀት ሳይጐድልበት፣ ምግብ ሳይታጣበት፣ ጠላቶቹም በደጅ ቀርተውለት ዓመቱን ሙሉ ይዋለዳል። ከእነዚህም ተባዮች መካከል አትክልተኛውን እጅግ ያስመረረው ነጭ ዝንብ ነው። ይህ ፍጥረት በስሙ ዝንብ ይባል እንጂ በዘር ለክሽክሽ የቀረበ፣ ርዝመቱ ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ክንፉ በሰም መሰል ነጭ ዱቄት የተሸፈነ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ዌስትውድ በ1856 በአገሩ የመስታወት ቤቶች አግኝቶ መልኩን በጽሑፍ ገልጾታል፤ የትውልድ አገሩ ግን ሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። እናቲቱ በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ እንቍላሎች ትጥላለች፤ የተፈለፈለውም እጭ ጥቂት ተንቀሳቅሶ እንደ ቅርፊት ከቅጠሉ ጋር ይጣበቅና የተክሉን ፈሳሽ ይመጠምጣል። የመጠመጠውን ስኳር ሁሉ ለሰውነቱ ሊያውለው ስለማይችል ትርፉን የሚያጣብቅ ፈሳሽ አድርጎ ያወጣዋል፤ በዚያም ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልና ቅጠሉን ከብርሃን ይጋርደዋል፣ ፍሬውንም ያጐድፈዋል። ሙቀቱ ከተስማማው ከእንቍላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ብቻ ስለሚበቃው፣ በጸደይ አሥር ሆኖ የታየው ዝንብ በበጋው አጋማሽ ሊቈጠር የማይቻል ሠራዊት ይሆናል።

የሊ ሸለቆ አትክልተኞች ይህን ሠራዊት የተቋቋሙት በመርዝ ጋዝ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሮቹና መስኮቶቹ ተዘግተው የሲያናይድ ጋዝ በቤቱ ውስጥ ይለቀቃል፤ ቤቱ ተከፍቶ በሚገባ እስኪናፈስ ድረስም ማንም ወደዚያ እንዳይገባ ይጠበቃል። ይህ ጋዝ ዝንቡን የሚገድለውን ያህል ሰውንም የሚገድል፣ መጠኑ ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ተክሉን ራሱን የሚያቃጥል ነበርና፣ አትክልተኛው ሰብሉን ለማዳን ሲል ሕይወቱንም ሰብሉንም በአንድነት ለአደጋ ያጋልጥ ነበር። ከጋዙም የተረፉት ጥቂቶች እንደ ገና ተራብተው ቤቱን ስለሚሞሉት ሥራው ማብቂያ አልነበረውም።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ፣ በ1926 በኸርትፎርድሽየር አውራጃ በኤልስትሪ የሚኖር አንድ ቲማቲም አብቃይ፣ በቅጠሎቹ ሥር ነጭ ሆነው ከሚታዩት የዝንቡ ቅርፊቶች መካከል አንዳንዶቹ ጠቍረው አየ። ሌላው ሰው ምናልባት ሻጋታ ነው ብሎ የሚያልፈውን ይህን ነገር እርሱ ሳያልፈው ቀርቶ፣ አትክልተኞች በማኅበር ሆነው በቼስሃንት ላቋቋሙት የምርምር ጣቢያ አስታወቀ። በጣቢያው ነፍሳትን ይመረምር የነበረው ኢ. አር. ስፔየር ነገሩን ቢመረምር፣ ከጥቍሮቹ ቅርፊቶች የወጣው ነጭ ዝንብ ሳይሆን፣ ርዝመቷ ከ1 ሚሊሜትር የሚያንስ፣ ራሷና ደረቷ ጥቁር፣ ሆዷ ብጫ የሆነ ተርብ ነበረች። ይህች ተርብ ኤንካርሲያ ፎርሞሳ የምትባለው ናት፤ አሜሪካዊው ሊቅ ጋሃን ከሁለት ዓመት በፊት በ1924 ስም ያወጣላት ብትሆንም፣ በሰው እጅ ተራብታ ለአትክልተኛው አገልግሎት በሰፊው የዋለችው ከኤልስትሪው ቅጠል በኋላ ነው።

የአኗኗሯ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ተርቢቱ በቅጠሉ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች በራሷ ላይ ባሉት ቀንዶች ትዳስሳለች፤ የነጭ ዝንብ እጭ ባገኘች ጊዜም በሆዷ ጫፍ ባለው መውጊያ ወግታ አንድ እንቍላል በውስጡ ትጥላለች። ከእንቍላሉ የሚወጣው ልጇ የእጩን ሰውነት ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ቅርፊቱም በ10 ቀን ገደማ ይጠቍራል፤ በመጨረሻም አዲሲቱ ተርብ በቅርፊቱ ጀርባ ላይ ክብ ቀዳዳ አበጅታ ትወጣለች። አንዳንዱን እጭ ደግሞ እንቍላል ሳትጥልበት ወግታ ከቍስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ ስለምትመገብ፣ እርሷ በአንድ ጊዜ ጥገኛም አዳኝም ናት ማለት ይቻላል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ወንዶቿ እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ነው፤ ሴቶቹ ያለ ወንድ ሴቶችን ይወልዳሉና፣ ለሚያራባት ሰው ከእያንዳንዷ የምትወጣው ዘር ሁሉ ማለት ይቻላል ለሥራ የምትጠቅም ትሆንለታለች።

ተባይን በጠላቱ የማስበላት አሳብ ራሱ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። በ304 ተጻፈ የሚባል አንድ የቻይና መጽሐፍ፣ በደቡብ ቻይና ብርቱካንና መንደሪን የሚያበቅሉ ሰዎች የጉንዳን ጎጆ ከገበያ ገዝተው በዛፎቻቸው ላይ ይሰቅሉ እንደ ነበር ይናገራል። በ1888ም አልበርት ኮበሌ የተባለ መርማሪ ከአሜሪካ መንግሥት ተልኮ ወደ አውስትራሊያ በመሄድ፣ የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻ ሊያጠፋ የተቃረበውን ነጭ ቅርፊታም ተባይ የሚበላ አንዲት ትንሽ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ አስመጥቶ ነበር፤ ጥንዚዛዋም በጥቂት ወራት ውስጥ ተባዩን አንበርክካ እርሻውን አተረፈችው። ነገር ግን በእነዚህና በሊ ሸለቆ ሥራ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የካሊፎርኒያዋ ጥንዚዛ አንድ ጊዜ ከተለቀቀች በኋላ በሰፊው አገር ላይ በራሷ ተራብታ ቀረች፤ የመስታወት ቤት ግን በየዓመቱ ሰብሉ ተነቅሎ፣ ቤቱ ተጠርጎና ታጥቦ እንደ ገና የሚተከልበት ስለ ሆነ፣ ተባዩ ከውጭ ተመልሶ ሲገባ ጠላቱ አብሮት ላይገባ ይችላል። ስለዚህ አትክልተኛው ተርቧን በየዓመቱ ከሚያራባት ሰው መቀበል ነበረበት፤ በመስታወት ቤት እርሻ ነፍሳትን አራብቶ ማከፋፈል የሚባለው ሙያ የተወለደውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1930ዎቹ የቼስሃንት ጣቢያ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ያህል ተርቦችን እያራባ 800 ገደማ ለሚሆኑ የብሪታንያ አትክልተኞች ያከፋፍል ነበር፤ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድም ተልከዋል።

ይህ ሁሉ የደከሙበት ሥራ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ተተወ። ስዊዛዊው ፓውል ሙለር በ1939 ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው አገኘ፤ ለዚህም ግኝቱ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ መርዝና እርሱን ተከትለው የመጡት ሌሎች መድኃኒቶች በርካሽ ዋጋ በገበያ ላይ በዋሉ ጊዜ፣ አትክልተኛው ፊቱን ወደ እነርሱ መለሰ፤ የቼስሃንትም ጣቢያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ተርቧን ማራባቱን አቆመ። በዚህ አትክልተኛውን መንቀፍ አይገባም። ተርቢቱ በቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሥራዋ የሚዘገይ፣ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ጊዜ ነጭ ዝንቡ በመዋለድ የሚቀድማት፣ ተባዩ ከበዛም በኋላ ብትለቀቅ የማትደርስለት ነበረች፤ አዲሱ መድኃኒት ግን በአንድ ማለዳ ተረጭቶ በማታው የሞተ ዝንብ ያሳይ ነበር። የሞተ ተባይ በዓይኑ ማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም።

ይሁን እንጂ መርዙ አንድ ነገር ሳያስቡት አስከተለ። በሚሊዮን ከሚቈጠሩት ተባዮች መካከል በተፈጥሮአቸው መርዙን የሚችሉ ጥቂቶች ስለሚገኙ፣ የቀሩት ሲሞቱ እነዚህ ብቻ ተርፈው ይወልዳሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቤቱ መርዝ በማይገድላቸው ልጆቻቸው ይሞላል። ይህ ነገር በመስታወት ቤት ፈጥኖ የታየው በነጭ ዝንብ ሳይሆን፣ በቅጠል ሥር ድር በሚያደራ ቀይ ሸረሪት በሚባለው ተባይ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከቺሌ ወደ ጀርመን አገር በመጣ የኦርኪድ አበባ ላይ፣ ፊቶሴዩለስ የሚባል ቀይ ሸረሪትን ብቻ እያደነ የሚበላ ፈጣን ፍጥረት ተገኘና፣ ዶሴ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አጥንቶት ለኔዘርላንድ መርማሪዎች አካፈላቸው። በኔዘርላንድም በበርከል ኤን ሮደንሬይስ ኪያር ያበቅል የነበረው ያን ኮፐርት፣ መድኃኒቱ ሸረሪቱን መግደል ተስኖት የራሱን ጤና ሲያውክበት ስላየ፣ ይህን አዳኝ በመስታወት ቤቱ ማራባት ጀመረ፤ በ1967ም ለሌሎች አትክልተኞች የሚሸጥበትን ድርጅት አቋቋመ። ቀይ ሸረሪትን በአዳኝ ለመከላከል የወሰነ አትክልተኛ ደግሞ ለነጭ ዝንብ መርዝ ሊረጭ አይችልም፤ መርዙ አዳኙንም ይፈጅበታልና። በዚህም ምክንያት የተረሳችው የኤልስትሪ ተርብ እንደ ገና ትፈለግ ጀመር። እንግዲህ ሰው ወደ ነፍሳቱ የተመለሰው ተፈጥሮን ከማፍቀሩ የተነሣ ሳይሆን የመርዙ መንገድ ስለ ተዘጋበት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ይህ ሁለተኛው ዘመን ከመጀመሪያው የሚለየው በጥናት ነው። በእንግሊዝ አገር በሊትልሃምፕተን የነበረው የመስታወት ቤት ሰብሎች ምርምር ተቋም ሊቃውንት፣ አዳኝ ያለሚበላው ነገር እንደማይኖር ተረድተው፣ ለጊዜው እጅግ እንግዳ የሚመስል ምክር ሰጡ፤ ይኸውም አትክልተኛው በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ተባዩን ራሱን በእጁ በእኩል መጠን በተክሉ ላይ እንዲበትን፣ ከጥቂት ቀንም በኋላ ጠላቱን እንዲለቅበት ነው። እንዲህ ከተደረገ የሚበላውና በዪው ተመጣጥነው ወቅቱን ሙሉ ይዘልቃሉ። ምክሩ በሙከራ እውነት ሆኖ ቢገኝም፣ ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ዝንብን ሲያሳድድ የኖረ ሰው ዝንብን በገዛ እጁ መዝራት ስለ ከበደው ብዙዎች ሳይቀበሉት ቀሩ። የዚህ ጥበብ መሠረታዊ ሕግ ግን በዚህ ምክር ውስጥ ተገልጧል፤ ጠላትን ፈጽሞ ያጠፋ ሰው የጠላቱን ጠላት አብሮ ያጠፋል፤ ጥቂት ዝንብ መታገሥ ያልቻለ ሰው ከብዙ ዝንብ የሚያድነውን ረዳት ያጣል።

በኔዘርላንድ ደግሞ ቫን ሌንተረን የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ፣ ተርቢቱ በቲማቲም ላይ ድል ስታደርግ በኪያር ላይ ለምን እንደምትደክም መረመሩ። ምክንያቱን ያገኙት በቅጠሉ ጠጕር ላይ ነው፤ የኪያር ቅጠል ጠጕሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ያችን የምታህል ተርብ እንደ ልቧ ልትመላለስበት አልቻለችም፤ ጠጕሩ በሳሳ የኪያር ዘር ላይ ግን እርምጃዋ ፈጠነ፣ የምታገኘውም እጭ በዛ። እንደዚህ ባለው ጥናት እየተመራ፣ ጥቍሮቹ ቅርፊቶች በወረቀት ካርድ ላይ እየተለጠፉ በተክሉ ላይ የሚንጠለጠሉበት አሠራር ተስፋፋ፤ በ1970 በዓለም ላይ 100 ሄክታር ገደማ በሆነ የመስታወት ቤት ብቻ ይሠራባት የነበረችው ተርብ፣ በ1993 ወደ 4,800 ሄክታር በሚጠጋ እርሻ ላይ ዋለች። በዚህ መካከል ሌላ ያልታሰበ ረዳት መጣ። የቲማቲም አበባ ፍሬ እንዲይዝ ሰው በንዝረት መሣሪያ እየዞረ ያራግፈው የነበረውን ሥራ፣ ከ1987 ጀምሮ በቤልጅግና በኔዘርላንድ ተራብተው ለገበያ የቀረቡ ትልልቅ ጠጕራም ንቦች ይሠሩት ጀመር፤ እነዚህም ንቦች መርዝ የማይችሉ ስለ ሆኑ፣ አትክልተኛው ለንቦቹ ሲል መርዙን ተወ። ስለ ተርብ የተሰበከውን ሰምቶ ያላመነ ስንት ሰው፣ በንብ ምክንያት አመነ።

እስከዚህ የተናገርነው በይበልጥ ስለ ጥገኛዋ ተርብ ነው፤ በ1990ዎቹ ግን አዳኝ የሚባሉት ነፍሳት ተራ ደረሰ። ከእነርሱ ዋነኛው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚገኘው ማክሮሎፈስ ነው። ይህ አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ እግረ ረዥም ፍጥረት መርፌ በመሰለ አፉ የነጭ ዝንብን እንቍላልና እጭ ወግቶ ፈሳሹን ይመጠምጣል፤ ከ1994 ጀምሮም ተራብቶ ለገበያ ቀረበ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ረዳት ነው፤ በቤቱ ውስጥ እስኪበዛ ድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጅበታልና፣ አትክልተኛው እስከዚያው የዱቄት ብል እንቍላል እየበተነ ይቀልበዋል። የቅርብ ዘመዱ ኔሲዲዮኮሪስ ደግሞ በስፔን ከችግኝ ጣቢያው አንሥቶ በቲማቲሙ ላይ ይለቀቃል፤ ከነጭ ዝንብም አልፎ የቲማቲም ቅጠል የምትሰረስረውን የእሳት እራት እንቍላል ይበላል። ነገር ግን የሚያድነው ያጣ ቀን ፊቱን ወደ ተክሉ መልሶ ግንዱን ስለሚወጋና አበባውን ስለሚያረግፍ፣ ወዳጅነቱ ምግብ እስካለ ድረስ ነው። ዴልፋስተስ የምትባለውም ጥቁር ጥንዚዛ በቀን ከመቶ በላይ የነጭ ዝንብ እንቍላል ስትበላ፣ ዝንቡ ያነሰ እንደ ሆነ ዘር መተካት ተስኗት ትጠፋለች፤ ስለዚህ የሚጠሯት ዝንቡ እጅግ ለበዛበት ቦታ ነው።

ጥቂት ተባይ መታገሥ የሚለው ሕግ ግን ገደብ እንዳለው ያሳየ ሌላ ነጭ ዝንብ በ1980ዎቹ በዓለም የመስታወት ቤቶች ተሰራጨ። ይህ ዝንብ ቤሚሲያ ታባኪ ይባላል፤ በ1889 በግሪክ አገር በትንባሆ ላይ ተገኝቶ የተገለጸ ነው። ክፋቱ በመምጠጡ ብቻ ሳይሆን፣ የቲማቲምን ቅጠል የሚያጠቀልልና የሚያበጫጭ ደዌ ከተክል ወደ ተክል ስለሚያጋባ ነው። እንዲህ ያለውን ደዌ ተሸክሞ የገባ አንድ ዝንብ ብዙ ተክል ሊያበላሽ ይችላልና፣ በዚህ ጊዜ ነፍሳቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ መግቢያውን በጥሩ መረብ መጋረድ፣ ደዌውን የሚችል የቲማቲም ዘር መምረጥ፣ የተበከለውንም ተክል ነቅሎ ማውጣት ከእነርሱ ጋር ይጨመራሉ።

የዚህ ጥበብ ትልቁ ፈተናና ትልቁ ድል የታየው በደቡብ ስፔን በአልሜሪያ ነው። በዚያ በባሕሩ ዳር ሠላሳ ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ምድር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ኪያር ያበቅላል፤ አብቃዮቹም ለረዥም ጊዜ በመርዝ ላይ ተደግፈው ኖረዋል። በ2006 መጨረሻ ግን በጀርመን አገር በተመረመረ የአልሜሪያ ቃሪያ ላይ ያልተፈቀደ የመድኃኒት ቅሪት ተገኘና፣ ገዢዎች ምርቱን መጠራጠርና መመለስ ጀመሩ። በዚያው ሰሞን አምብሊሴዩስ ስዊርስኪ የሚባል፣ በእስራኤላዊው ሊቅ በስዊርስኪ ስም የተጠራ፣ ስምንት እግር ያለው ጥቃቅን አዳኝ ከ2005 ጀምሮ በገበያ ላይ ነበር። ይህ አዳኝ የነጭ ዝንብን እንቍላል ከመብላቱም በላይ ሌላውን የቃሪያ ተባይ ትሪፕስን ይበላል፤ ተባይ በጠፋ ጊዜ ደግሞ በቃሪያው አበባ ዱቄት ይኖራል። እነሆ የሊትልሃምፕተን ሊቃውንት ዝንብ በመዝራት ሊፈቱት የሞከሩት እንቆቅልሽ፣ ከአበባው በሚበላ አዳኝ ተፈታ። በጥቂት ወቅቶች ውስጥ የአልሜሪያ ቃሪያ እርሻ አብዛኛው ወደዚህ አሠራር ተመለሰ፤ ያስገደደውም የነፍሳት ሊቅ ስብከት ሳይሆን የገበያ ፍርሃት ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ አካባቢና በሌሎች ቦታዎች የተስፋፉት የጽጌረዳ እርሻዎች ሠራተኞች፣ ግሪን ሃውስ በሚሉት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቀይ ሸረሪትን ለመከላከል ያንኑ ከቺሌ ኦርኪድ የተገኘውን ፊቶሴዩለስ በቅጠሉ ላይ ሲበትኑ ይታያሉ። ነጭ ዝንብም በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ላይ የታወቀ ጠላት ነው። ስለዚህ ለእርሻ ትምህርት ቤቶቻችን መምህራን፣ ለልማት ሠራተኞችና ለአትክልት አብቃዮች የምንሰጠው ምክር የሚከተለው ነው። ከአንድ መቶ ዓመት የመስታወት ቤት ታሪክ የተገኘው ትምህርት፣ ነፍሳት መርዝን ፈጽሞ ይተካሉ የሚል አይደለም፤ ጊዜን ያሳለፈ፣ ሙቀቱን ያልለካ፣ በግራ እጁ አዳኝ እየለቀቀ በቀኝ እጁ መርዝ የሚረጭ ሰው በእነርሱ አይጠቀምም። ትምህርቱ፣ መርዝ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሣሪያ እንዳይሆን፣ አብቃዩም ከመርጨቱ በፊት የሚያየውን ነፍስ ጠላት ወይም ወዳጅ መሆኑን ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ይህን ዕውቀት በአማርኛ አዘጋጅቶ ለገበሬው ማድረስ የሊቃውንታችን ግዴታ ነው፤ ግዴታውም ሳይውል ሳያድር ሊፈጸም ይገባል።